በዳኛው ጆሮ የተነገረ ሁሉ

ታይፕ የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ነው። መምህራችን ፊደሎቹን እያየን እንዳንመታ እጃችን ላይ ጨርቅ ጣል ታደርግብን ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ከጨርቅ ሥር ስንዳብስ ቆይተን በመጨረሻ ጣታችን መንገዱን ለመደ። በዚህ ሙያዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ስለዚህም በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በትውልድ ወረዳዬ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር፣ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ዳኛው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ዶሮ የጫረው ይመስላል። ዳኛ ሲባል ደግሞ ግርማ ሞገስ ያለው፣ ሲናገር ጣራው የሚርገበገብ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ያገኘኋቸው ግን አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የቀጠነ፣ ከመሳቢያቸው የሽምብራ ቆሎ እያወጡ የሚቆረጥሙ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ናቸው።

ወረዳውን በስም አልጠራውም። በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ልጆቻቸውም እዚያው ስለሚኖሩ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። ከማርቆስ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም ማለት ይበቃል።

ፍርድ ቤቱና የወረዳው አስተዳደር በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። በሩ አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ፣ ዘበኛውም አንድ። ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ ከበሩ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው ቢሮ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚገኘው ደግሞ የአስተዳዳሪው ነው። አስተዳዳሪው ማመልከቻውን ያነብና ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ለፍርድ ቤቱ፤ ጉዳዩ በአስቸኳይ ታይቶ ይፈጸምለት» ብሎ ይፈርምበታል። ገበሬው ያንን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ቀይ ቀለም ያለበት ስለሆነ የተፈረደለት ይመስለዋል።

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም። መምህር የነበረ፣ ወረዳውን በእግሩ የሚዞር፣ ወደ ገጠር የሚወስደውን መንገድ ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ እየተሸከመ ያሠራ ሰው ነው። ለሁሉም ነገር ኃላፊ እኔ ነኝ ብሎ ያምን ነበር፤ ችግሩ ይህ እምነቱ ነው። ጤና ጣቢያው ዘግይቶ ቢከፈት ይቆጣል፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ቢጎድለው ይቆጣል፣ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቢያበዛም ይቆጣል። ሁሉም የእሱ ቤት ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው መሰለኝ፣ የአስተዳደሩ ተላላኪ የታሸገ ደብዳቤ አመጣልኝ። ለዳኛው ሰጠኋቸው። ከፍተው አነበቡትና መልሰው ሰጡኝ።

«ተቀበዪው። ቁጥር ስጪውና ከመዝገቡ ጋር አያይዢው» አሉኝ።

ደብዳቤው በሁለት ገበሬዎች የድንበር ክርክር ላይ የተጻፈ ነበር። አንደኛው ገበሬ ለአካባቢው ልማት የደከመ ሰው ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ይህን ግምት ውስጥ ያስገባ ዘንድ ያሳስባል። እንደታዘዝኩት አያያዝኩት። የእኔ ክፍል ከችሎቱ የሚለየው በቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሩም ስለማይዘጋ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ጉዳዩ ሲጠራ ዳኛው በዚያ ቀጭን ድምፃቸው፣ «ለፍርድ ቤቱ የሚከተለው ደብዳቤ ቀርቧል» አሉና ከነቁጥሩ ከነፊርማው ለሁለቱም ወገን አነበቡት። ከዚያም፣ «በዚህ ላይ የምትሉት አለ?» ብለው ጠየቁ።

የተመሰገነው ገበሬ አንገቱን ደፋ። ሌላኛው ግን ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ጌታዬ፣ ይህን የጻፈው ሰውም ዳኛ ነው?» አለ።

«አይደለም።»

«ድንበሩን አይቶታል?»

«እሱን አይልም።»

«እንግዲያ እኔ የምመልሰው የለኝም» አለና ተቀመጠ።

ዳኛው ይህን ሁሉ በዚያ ጭረታቸው ጻፉት፤ እኔም ከሰዓት በኋላ በታይፕ መታሁት። አስተዳዳሪው በማግሥቱ ደብዳቤው በአደባባይ መነበቡን ሲሰማ ግቢውን ሲያቋርጥ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም።

ነገሩ በደብዳቤ ብቻ አላበቃም። ዳኛው ስለ ክርክር በጆሯቸው የገባውን ቃል ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ «ያቺን ሴትዮ ነገር አደራ» ቢላቸው፣ ሰኞ በችሎት ማን፣ የትና ምን እንዳላቸው ይነበባል። አንድ ጊዜ የገዛ የንስሐ አባታቸውን እንኳ አነበቧቸው። ቄሱ ዓመት ሙሉ አኮረፉ። ቀስ በቀስ ሰው ስለ ዝናብና ስለ ጤፉ ካልሆነ በቀር ከእሳቸው ጋር አያወራም። ተዝካር ቢጠሩ የተቀመጡበት አግዳሚ ግራና ቀኙ ክፍት ይሆናል። በኋላ መጥራቱም ቀረ። ገበያ ሲወጡ ብቻቸውን ወጥተው ብቻቸውን ይመለሳሉ። በዚያ ትንሽ ከተማ እንዲያ ሆኖ መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ የትንሽ ከተማ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ይከብደኛል» አሉ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ። «ግን አንዱ ያልሰማውን ከሌላው ብቻዬን ከሰማሁ፣ ያ ያልሰማው ሰው ምን ብሎ ይከላከላል?»

እኔ እንግዲህ ወጣት ነኝ፣ ችኩል ነኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። በሄድኩበት ሁሉ የእኛ ዳኛ የእኛ ዳኛ እላለሁ። እናቴ፣ «አገባሽው እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ።

ወንድሜ የታሰረው በኅዳር ነው። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ባለ ቀበሌ መምህር ነበር። አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን የያዝነው እሱና እኔ ነን። በቀበሌው ስለ መሬት ድልድል ስብሰባ ተጠርቶ፣ እሱም ከሕዝቡ መሐል ተነሥቶ፣ «ለማን ምን እንደተሰጠ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይነበብ፤ ካልተነበበ ከእንግዲህ ለስብሰባ አንመጣም» አለ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እቤት መጥቶ ራቱን እየበላ፣ በተናገረው እየተደሰተ። በሦስተኛው ቀን ዓርብ ጠዋት ሕዝብን ለአድማ አነሣስቷል ተብሎ ተያዘ።

ቅዳሜ እናቴ ስንቅ ይዛ ሄዳ አልቅሳ ተመለሰች። በእስር ቤቱ አብረውት ያሉት፣ «አልተናገርኩም በል፤ ከተናገርክ አትወጣም» ብለው እንደመከሩት ነግሯታል። እሷ ደግሞ ዓይኗን የጣለችው እኔ ላይ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከሰውየው ጋር አንድ ጣራ ሥር አይደል የምትውይው? ምነው አፍ የለሽም?»

«እናቴ፣ እሳቸው እንደዚያ አይወዱም።»

«ለባዳ ነው እንጂ ለቤት ሰው!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ እንደዚያው ነበር የማስበው። የዳኛው ደንብ ለአስተዳዳሪው፣ ለሽማግሌው፣ ለቄሱ ነው፤ ለውጭ ሰው ነው። እኔ በየቀኑ ጠረጴዛቸውን የምወለውል፣ ያን የማይነበብ ጽሑፋቸውን ለሰው የምገልጥ፣ ቆሏቸውን የምካፈል፣ የቤት ሰው ነኝ። ደንቡን በወረዳው ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ እጄ ነው ሲመታው የኖረ። እንዲያም ሆኖ እኔን ይመለከተኛል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም።

ሰኞ ጠዋት መዝገቦቹን ይዤ ገባሁ። የወንድሜ ከላይ ነው። ሳስቀምጠው እንባዬ መጣ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ይህ የታሰረው ወንድሜ ነው። ተናግሯል፤ እኔ አልዋሽዎትም። ዝርዝሩ ይነበብ፣ ካልተነበበ አንመጣም ብሏል። ግን ክፉ አስቦ አይደለም። ቤታችንን የያዘው እሱ ነው። እባክዎ ይተባበሩን።»

ቀና ብለው አላዩኝም። አንድ ወረቀት ላይ ይጽፉ ነበር። በሌላ መዝገብ የተጠመዱ ነው የመሰለኝ። ተናግሬ ስጨርስ፣ «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ» ብቻ አሉኝ። ቃላቸው ለስለስ ያለ ነበርና ደስ እያለኝ ወጣሁ። ከቧንቧው አጠገብ ለቆመችው እናቴ በዓይኔ፣ «ነግሬአለሁ» አልኳት።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ወንድሜን በሁለት ፖሊስ መሐል አመጡት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከስቷል። መርማሪው ፖሊስ ምስክሮች እስኪሰሙ ድረስ፣ ተጠርጣሪው ቢወጣ ምስክሮቹን ያባብልብናል በማለት የአሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ። ዳኛው ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለኝ አሉ።

«የዚህ ፍርድ ቤት ታይፒስት የተጠርጣሪው እኅት ናት። ሁለተኛው ዳኛ ለስልጠና ማርቆስ ሄደዋል። ሌላ ዳኛ ይየው የሚል ወገን ካለ አሁን ይናገር፤ እሳቸውን አስጠራለሁ።»

መርማሪው አይቃወምም አለ። ወንድሜም አልተቃወመም። ከዚያ ወንድሜን የተባለውን ተናግረህ እንደሆነ ንገረን አሉት። ወንድሜ ወለሉን እያየ፣ «አልተናገርኩም» አለ።

ከቺፑዱ ጀርባ ሆኜ ጥሩ አደረግህ እላለሁ በልቤ።

«ለፍርድ ቤቱ ሁለት ነገሮች ቀርበዋል» አሉ ዳኛው። የመጀመሪያው የአስተዳደሩ ደብዳቤ ነው፤ ተጠርጣሪው ቢለቀቅ የወረዳው ሰላም ይታወካል ይላል። አነበቡት። ከዚያ ሌላ ወረቀት አነሡ። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የፍርድ ቤቱ ታይፒስት ወደ ቢሮዬ ገብታ የሚከተለውን ነግራኛለች።» ያልኳቸውን ሁሉ፣ ተናግሯል ያልኩትን፣ አልዋሽዎትም ያልኩትን፣ እባክዎ ይተባበሩን ያልኩትን ሳይቀር፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አነበቡት።

በሩ ክፍት ስለሆነ ወንድሜ ዞር ሲል ያየኛል፤ ዞረ፣ አየኝም። እናቴ ከሕዝቡ መሐል በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ያን ሰዓት ዳኛውን ጠላኋቸው። ለስንት ጊዜ ያመሰገንኳቸውን ሰው፣ ቆሏቸውን የበላሁትን ሰው፣ ከልቤ ጠላኋቸው። ወንድሜን በገዛ አፌ አሰርኩት፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

«በሁለቱ ላይ የምትለው አለህ?» አሉት ወንድሜን።

መርማሪው ሰዓቱን አየ። በኋላ ወንድሜ ወለሉን ማየቱን ተወና ቀና አለ።

«እኅቴ አትዋሽም» አለ። «ብያለሁ። ዝርዝሩ ይነበብ ብያለሁ። ካልተነበበ አንመጣም ብያለሁ። ቅድም የካድኩት ፈርቼ ነው።»

ዳኛው ጻፉ። ያ ጭረታቸው ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ይሰማኛል። ጽፈው ሲጨርሱ ወደ መርማሪው ዞሩ።

«ምስክር ልትሰሙ የነበረው ምን መናገሩን ለማረጋገጥ ነው?»

«አሁን ያለውን መናገሩን ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ራሱ ተናግሬአለሁ ብሏል። ሌላ የሚጣራ ምን ቀረ?»

መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ። የቀረ ነገር ማግኘት አልቻለም።

ትእዛዙን እዚያው ጻፉ፤ በኋላ እኔው ነኝ የመታሁት፣ ስለዚህ በቃሌ አውቀዋለሁ። የአስተዳደሩን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ቀርቦ ስላልተጠየቀ ፍርድ ቤቱ አልተመሠረተበትም። የታይፒስቷም ቃል በመሐላ ያልተሰጠ ስለሆነ አልተመሠረተበትም። ተጠርጣሪው ግን የተባለውን መናገሩን በራሱ ቃል ስላመነ፣ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም፤ የሚያባብለውም ምስክር የለም። የሰው ዋስ ጠርቶ ይለቀቅ። ንግግሩ ወንጀል ነው የሚል ዓቃቤ ሕግ ካለ ክስ ማቅረብ ይችላል። ክስ ያቀረበ ግን የለም፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ጨርቅ የሚሸጡት ሙስሊም ጎረቤታችን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ዋስ ሆኑት። ወንድሜ ምሳውን እቤት በላ። እጁን ከታጠበ በኋላ፣ «ክጄ ብወጣ ኖሮ ነገ ተማሪዎቼ ፊት ምን ብዬ እቆም ነበር?» አለኝ። እኔ ግን ገና አልበረደልኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስተዳዳሪው ራሱ መጣ። በእኔ ክፍል በኩል ሲያልፍ አላየኝም። ዳኛውን ቆሞ ነው ያነጋገራቸው።

«እኛ አንድ መንግሥት አይደለንም ወይ?»

«ነን» አሉ ዳኛው።

«ታዲያ እኛ ያሰርነውን እርስዎ ይፈቱብናል?»

«ያሰራችሁትን ሁሉ አልፈታም። ለምን አሰራችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ሳገኝ ይቆያል፣ ሳላገኝ ይወጣል። እርስዎ መንገድ ያሠራሉ፤ መልካም መንገድ ነው፣ ሄጄበታለሁ። እኔ መጥቼ በዚህ በኩል ይሂድ ብልዎት ይሰሙኛል?»

አስተዳዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህንንም ይጽፉታል?» አላቸው።

«መዝገቡ ተዘግቷል። ቁጭ ይበሉና ቆሎ ይውሰዱ።»

አልተቀመጠም። ሲወጣ ግን እጁ ላይ ቆሎ ነበረ። በዚህ ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም፤ አየኝና ሄደ። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለአንዲት ታይፒስት ከዚያ በላይ መናገር አያስፈልግም።

በማግሥቱ ጠዋት ዳኛው በእጃቸው የጻፉትን አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ርእሱ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» ይላል። ስሙ የእኔ ነው። በቀጠሮ ላይ ስላለ ጉዳይ ዳኛን በግል በማነጋገሬ ጥፋት መፈጸሜን፣ ጥፋቱ ቢደገም ከሥራ እስከ መሰናበት የሚያደርስ ቅጣት እንደሚጠብቀኝ ይገልጻል። በፍርድ ቤቱ ሌላ ታይፒስት የለም።

«እኔ ልጻፈው?» አልኳቸው።

«ማን ይጻፈው ታዲያ?»

ሦስት ወረቀት በካርቦን አድርጌ አስገባሁ። እንደዚያን ቀን በንዴት መትቼ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ንጹሕ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንዲት ስሕተት እንዲያገኙብኝ አልፈለግሁም። ከግርጌ ግልባጮቹን ደረደርኩ፤ ለግል ማኅደር፣ ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። በዚያ ጊዜ በወረዳው ውስጥ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲጻፍ ግልባጩ ወደ አስተዳደሩ ይሄዳል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ያንን መስመር ስመታ አስተዳዳሪው ትናንት እንዴት እንዳየኝ አስታወስኩ፤ እኔን ከሥራ የሚያስወጣበትን ወረቀት በገዛ ጣቴ እየጻፍኩለት ነው። ጻፍኩት።

ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስሕተት አላገኙም። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አውጥተው የመጨረሻውን መስመር ሰረዙት።

«ይህ ይውጣ። እንደገና ጻፊው» አሉኝ።

«ሁልጊዜ ይላካል እኮ፣ ጌታዬ።»

«የፍርድ ቤት ሠራተኛ የምትቀጣው በፍርድ ቤት ነው። ያጠፋሽው እዚህ ነው፣ የተቀጣሽውም እዚህ ነው፤ ከዚህ በር አይወጣም።»

አዲስ ወረቀት ከነካርቦኑ አስገባሁ። ማስጠንቀቂያዬን ለሁለተኛ ጊዜ መታሁት። እንባዬ ፊደሉን ስለሸፈነብኝ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ዳኛው ያንን የሚያህል ስሕተት አይተው እንዳላዩ ሆነው ፈረሙበት።